የደቻቱን አሸዋ ማን ያጽዳው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከድሬዳዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ የተጻፉ ናቸው፤ ጉዳዩም ከዚራንና መጋላን ከፍሎ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ንጽሕና ነው። የቀሩትን ጥያቄዎች ለሚቀጥለው እትም አቆይተን ገጹን በሙሉ ለዚህ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ እህቴ በእንግሊዝ አገር በአንዲት የባሕር ዳር ከተማ ትኖራለች። ልጠይቃት በሄድኩበት ጊዜ የከተማው ምክር ቤት ሠራተኞች በማለዳ ወደ ዳርቻው ወርደው አሸዋውን ሲያበጥሩና ሲለቅሙ ተመልክቻለሁ። እኔ ያደግሁት በደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ እየተጫወትሁ ነው፤ ዛሬ ግን የራሴን ልጆች ወደዚያ ለመላክ አልደፍርም። እነሱ እንዴት አድርገው ነው የሚያጸዱት? እኛስ እንደዚያ ማድረግ ያልቻልነው ለምንድን ነው? (አንድ አንባቢ፣ ከመጋላ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ እዚያ ያዩት የማለዳ ሥራ መሠረቱ ሕግ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ፣ የባሕሩ ሙላት ከሚደርስበት ከፍተኛ ወሰን በላይ ያለውን የሕዝብ ዳርቻ ከቆሻሻ ነጻ አድርጎ የመጠበቅ ግዴታ በአካባቢው ምክር ቤት ላይ ጥሏል፤ ከወሰኑ በታች ያለውና ውሃው በየዕለቱ እየመጣ የሚሸፍነው አሸዋ በግዴታው ውስጥ ባይገባም፣ ጎብኚ የሚበዛባቸው ከተሞች አብረው ያጸዱታል። ሕጉን ተከትሎ የወጣው የአሠራር መመሪያ ደግሞ ሕዝብ የሚዝናናባቸው ዳርቻዎች፣ በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 23 እስከ መስከረም 20 ባሉት የሙቀት ወራቸው፣ ንጹሕ ሆነው እንዲቆዩ ያዛል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስቀናኝ ግን ለነዋሪው የተሰጠው መብት ነው፤ ዳርቻው ቆሽሾ ያገኘ ማንኛውም ሰው ቢያንስ አምስት ቀን አስቀድሞ ለምክር ቤቱ በጽሑፍ ካሳወቀ በኋላ፣ ሳይጸዳ ከቀረ ምክር ቤቱን በአካባቢው ፍርድ ቤት ሊያቆመው ይችላል።

ሥራው ራሱ እንዲህ ይከናወናል። ሰው ሳይበዛና ባሕሩ ሸሽቶ አሸዋው በተጋለጠበት ሰዓት፣ በትራክተር የሚጎተት ማበጠሪያ የአሸዋውን የላይኛውን ስስ ንጣፍ እያነሣ በሚርገበገብ ወንፊት ላይ ያሳልፈዋል፤ አሸዋው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ጠርሙሱ፣ ቆርኪውና ፕላስቲኩ በመያዣው ውስጥ ይቀራል። ወንፊቱ የሲጋራ ቁራጭንና ስብርባሪ ፕላስቲክን ሁልጊዜ ስለማይዝ፣ መኪናውም ድንጋያማ ቦታ ስለማይገባ፣ በእጅ የሚለቅሙ ሠራተኞች ይከተሉታል። ሞገዱ አምጥቶ በዳርቻው የሚተወውን የባሕር አረም ግን ጠንቃቃ ከተሞች ካላስቸገራቸው በቀር አይነኩትም፤ አሸዋውን በነፋስ እንዳይወሰድ ይይዛል፣ ለወፎች ምግብ የሚሆኑት ትናንሽ ነፍሳትም የሚኖሩት በእሱ ውስጥ ነው።

ንጽሕናው በዓይን ብቻም አይለካም። በአውሮፓ ኅብረት የ2006 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የመዋኛ ውሃ መመሪያ መሠረት አንድ የባሕር ዳርቻ የመጨረሻውን ከፍተኛ ደረጃ እንዲያገኝ፣ ከተወሰዱት ናሙናዎች የሚሰላው ውጤት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ250 የኢ. ኮላይና ከ100 የኢንቴሮኮከስ ባክቴሪያ መብለጥ የለበትም። ሁለቱም ከሰውና ከእንስሳ አንጀት የሚወጡ ስለሆኑ፣ መብዛታቸው ፍሳሽ ወደ ውሃው መግባቱን ያሳብቃል። በፈረንሳይ በአውሮፓውያኑ 1985 የተጀመረው የ«ሰማያዊ ሰንደቅ» ምስክርነትም የሚሰጠው ለአንድ የመዋኛ ወቅት ብቻ ነው፤ መስፈርቱን ማሟላት ያቃተው ዳርቻ ሰንደቁን በሕዝብ ፊት ያወርዳል።

አሁን ወደ ደቻቱ እንመለስ። የባሕር ዳርቻ በየዕለቱ ይቆሽሻል፤ በየዕለቱ መጽዳት ያለበትም ስለዚህ ነው። ደቻቱ ግን የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ደረቅ ሆኖ ስለሚቆይ ቆሻሻው ለወራት ይከማችና፣ በደቡብ ከደንገጎ በኩል ካሉት ከፍታዎች የሚወርደው ጎርፍ በአንድ ሌሊት ጠራርጎ ይወስደዋል። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ጽዳት እየቆጠርነው ኖረናል፤ «ጎርፉ ይወስደዋል» ብሎ ጥራጊውን ከግንቡ ላይ ቁልቁል የሚደፋ ሰው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፣ እውነትም ጎርፉ ሲወስድለት ስላየ ነው። ነገር ግን ከፌስታሉና ከጫቱ ገረባ ከፊሉ በቦዮች አፍና በድልድይ እግር ላይ ተወትፎ ውሃውን ወደ መንደር ይመልሰዋል፤ የቀረው ወደ ሽንሌ ሜዳ ወርዶ በየእሾሁ ላይ ይንጠለጠላል፣ የአርብቶ አደሩ ፍየልም ይበላዋል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት ከ250 በላይ ሰዎች ያለቁበት ጎርፍ መነሻው ከላይ የጣለው ኃይለኛ ዝናብና የተራራው መራቆት ነው፤ ቆሻሻው አመጣው ማለት ከእውነት መራቅ ይሆናል። ሆኖም እንዲህ ያለ ሌሊት ያሳለፈች ከተማ የውሃ መውረጃዋን በገዛ እጇ ልትደፍን አይገባም፤ ይህን ስጽፍ ዘመዶቻቸውን ያጡትን ቤተሰቦች እያሰብሁ ነው።

ከጎርፉ ሌላ ደግሞ የምንጠጣው ውሃ አለ። ድሬዳዋ ውሃዋን የምታገኘው ከከርሠ ምድር ነው፤ በአሸዋው ላይ የሚያልፈው ጎርፍም ከፊሉ ወደ ታች ሰርጎ ይህንኑ ውሃ ይመግባል። አሸዋ ጭቃውንና ጉድፉን ያጣራል፣ በውሃ ውስጥ የሟሟውን ግን አይዝም። በከተማዋ ውስጥ ባሉ ጉድጓዶች እንዲህ በውሃ የሚሟሟው የናይትሬት መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 50 ሚሊ ግራም በልጦ መገኘቱን ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ መዝግበዋል። የዚህ ዋናው ምንጭ የሽንት ቤት ጉድጓድና ፍሳሽ እንጂ ፌስታል አለመሆኑን መናገር ተገቢ ነው፤ ስለዚህ አሸዋውን አጽድተን ከየግቢው ወደ ወንዙ የተቀሰሩትን የፍሳሽ ቱቦዎች ብንተዋቸው ሥራው ግማሽ ይሆናል። ከባሕር ዳር ከተሞች የውሃ ምርመራ ልንማረው የሚገባ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የማበጠሪያ ትራክተር ይገዛልን አልልም። የደቻቱ አሸዋ ከድንጋይና ከኮረት ጋር የተቀላቀለ፣ ሰውና ጋሪ የሚመላለስበት ስለሆነ ያ መኪና አንድ ወር አይሠራበትም። በሎደር መዛቅም አደጋ አለው፤ ከጎርፍ መከላከያው ግንብ ሥር አሸዋ በተነሣ ቁጥር ውሃው መሠረቱን ይሰረስረዋልና። ከእንግሊዞቹ ልንወስደው የምንችለው የኃላፊነቱን መስመር ማስመሩን ነው። በሁለቱ ዳር የምንኖር ሰዎች «አሸዋው የማዶው ቀበሌ ነው» ስንባባል መስማት የተለመደ ነው። በአዋጅ ቁጥር 416/1996 የወጣው ቻርተር ለድሬዳዋ አስተዳደር የራሱን ምክር ቤት ሰጥቶታል፤ ይህ ምክር ቤት የአሸዋውን እያንዳንዱን ክፍል ከየትኛው ድልድይ እስከ የትኛው ቦይ የማን ኃላፊነት እንደሆነ በደንብ ቢወስን፣ በግንቡም ላይ በቀለም ቢያጽፈው፣ ነዋሪው ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ወቅቱም መወሰን አለበት፤ አንዱ ዋና ጽዳት የበልጉ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት በየካቲት፣ ሌላው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በሰኔ ቢሆን፣ ጎርፉ የሚወስደው አሸዋና ውሃ ብቻ ይሆናል። ወደ ደቻቱ የሚገቡት ትናንሽ ቦዮች አፋቸው ላይ የብረት ፍርግርግ ተደርጎ በየሳምንቱ ቢጠረግ ደግሞ ቆሻሻው ገና አሸዋው ላይ ሳይደርስ ይያዛል። ይህ የመጨረሻው ግን ጠራጊ ካልተመደበለት ባይሠራ ይሻላል፤ ያልተጠረገ ፍርግርግ ራሱ ቦዩን ይዘጋዋል።

ጥያቄ፦ ከቤት ወደ ቤት እየዞርን ቆሻሻ በጋሪ የምንሰበስብ ማኅበር አባል ነኝ። ያመጣነውን የምንገለብጥበት ገንዳ ከሞላ በኋላ ሳይነሣ ለቀናት ይቆያል። ያን ጊዜ ነዋሪውም ባለጋሪውም አጠገቡ ያለው አሸዋ ላይ ይደፋዋል፤ ወቀሳው ግን በእኛ ላይ ነው የሚመጣው። ሕጉ ምን ይላል? (አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ ከተማ)

መልስ፦ እህታችን፣ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው ለማለት ይቻላል። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 በመንገድ፣ በውሃ መውረጃና በሌሎች የሕዝብ ቦታዎች ላይ ቆሻሻ መጣልን የከለከለው ማጠራቀሚያ እያለ ሲጣል ነበር፤ በቂ ማጠራቀሚያ መኖሩን የማረጋገጥ ግዴታውንም በከተማ አስተዳደሮች ላይ አድርጎ ነበር። ሞልቶ የፈሰሰ ገንዳ እንዳለ የሚቆጠር አይመስለኝም። ይህ ማለት አሸዋ ላይ መድፋት ተፈቀደ ማለት አይደለም፤ ነዋሪውን ለመቅጣት የሚነሣ አካል አስቀድሞ ገንዳውን ማንሣት ይኖርበታል ማለት ነው።

የገንዳው ችግር በእኛ ከተማ የራሱ ጠባይ አለው። ከምሳ በኋላ የሚጀመረው በርጫ ማምሻውን ሲያበቃ የጫቱ ገረባ ከየቤቱና ከየመቃሚያው በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ጠዋት ባዶ የነበረ ገንዳ ምሽት ላይ አፉ ድረስ ሞልቶ ይታያል። ስለዚህ መኪናው የሚመጣበት ሰዓት ከከተማዋ የኑሮ ሰዓት ጋር ካልተስማማ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ መጣ የሚለው ቁጥር ብዙም አይጠቅምም። ገረባ ለብቻው ቢሰበሰብ ፍየል ይመገበዋል፣ ብስባሽ ሆኖም ለመሬት ይመለሳል፤ የሚያበላሸው በፌስታል ታስሮ መጣሉ ነው።

አሸዋውን ለአፍታ ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ሌላም ነገር ይገለጥለታል። ሃይላንድ፣ ቆርቆሮና ብረት እምብዛም አይገኙም፤ ቆራሌው ስለሚገዛቸው ልጆች ገና ከመሬት ሳይደርሱ ያነሷቸዋል። የሚቀረው ፌስታል ነው፤ ግማሹ በአሸዋ ተቀብሮ፣ ጫፉ ብቻ በነፋስ እየተርገበገበ፣ ሲጎትቱት ደግሞ ተቀዶ እጅ ላይ የሚቀር። ገዢ የሌለውን ነገር ማንም አይለቅመውም። የ1999ኙ አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ፌስታሎች ለማስቆም ሞክሮ ነበር፤ በ2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ በፌስታል ላይ እገዳ ጥሏል። የጎረቤታችን የኬንያ የ2009 እገዳ ያስተማረን እገዳ የሚሠራው ቁጥጥሩ አምራቹና አስመጪው ላይ ሲጠብቅ መሆኑን ነው፤ በቀፊራ ጉሊት ላይ ተቀምጣ ቲማቲም የምትሸጥ እናትን ብቻ ማሳደድ ፍትሕም ውጤትም የለውም።

ለጊዜው ማኅበራችሁ ቢያደርገው የምመክረው ይህን ነው፤ ገንዳው የሞላበትንና የተነሣበትን ቀንና ሰዓት በደብተር ላይ መዝግቡ፣ በስልክ ፎቶ አንሡት፣ በወሩ መጨረሻ ለቀበሌው በደብዳቤ አስገቡ፣ ግልባጩንም ለአስተዳደሩ ምክር ቤት ላኩ። ወቀሳውን በቃል ከመመለስ ይልቅ በወረቀት መመለስ ይበልጥ ያስከብራችኋል። ጓንትና ድፍን ጫማ ሳታደርጉ አትውጡ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ከጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን ወባና ቺኩንጉንያ በየጊዜው ይነሣል። ጎረቤቶቼ ትንኙ የሚመጣው ከወንዙ ቆሻሻ ነው እያሉ አሸዋው ላይ ያለውን ጥራጊ ያቃጥሉታል፤ ጭሱም ያባርረዋል ይላሉ። ትክክል ነው? (አንዲት እናት፣ ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ እናታችን፣ ማቃጠሉ ትክክል አይደለም። ፕላስቲክ በሜዳ ላይ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ለሳንባ መርዝ ነው፤ አመዱም ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር ወደ አሸዋው ይሰርጋል። ትንኙም የሚርቀው ጭሱ እስኪበተን ድረስ ብቻ ነው።

ስለ ትንኙ ግን ጎረቤቶችዎ ከፊል እውነት አላቸው። በ2006 መጀመሪያ ዴንጊ፣ በ2011 መገባደጃ ቺኩንጉንያ በድሬዳዋ ተቀስቅሰዋል፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤደስ ኢጂፕታይ የምትባለው፣ በቀን የምትነክሰው ትንኝ ናት። በ2014 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከምትባለው ከውጭ ከገባችና ከተማ ከምትወድ የወባ ትንኝ ጋር መያያዙ ተረጋግጧል። ሁለቱም በተጠራቀመ ውሃ ላይ ይራባሉ። አሸዋው ላይ የተጣለ አንድ የመኪና ጎማ ከዝናብ በኋላ በሆዱ የሚይዘው ጥቂት ውሃ፣ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ብዙ ትንኝ ለማፍራት በቂ ነው፤ የኤደስ እንቁላል ደግሞ ውሃው ቢደርቅም ለወራት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ከጥራጊው መካከል ጎማው፣ ጣሳውና ውሃ የሚይዘው ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ ይነሣ።

ነገር ግን የትንኞቹ ዋነኛ ቤት በየግቢያችን ያለው በርሜልና የውሃ ገንዳ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜሉን አትጠቀሙ ማለት አይቻልም፤ ሁልጊዜ በደንብ ይከደን፣ በሳምንት አንድ ጊዜም ተገልብጦ ውስጡ በብሩሽ ይፈተግ፤ እንቁላሉ ከግድግዳው ላይ የሚጣበቅ ስለሆነ ውሃውን ማፍሰስ ብቻውን አያስወግደውም። ትኩሳት ሲይዛችሁም መድኃኒት ከሱቅ ከመግዛት በፊት ተመርመሩ።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባላት ደቻቱን ለማጽዳት ተነሣሥተዋል። መቼና እንዴት ብናደርገው ይሻላል? (አንድ መምህር፣ ከሳቢያን)

መልስ፦ መምህር፣ ሐሳቡ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ከሁሉ በፊት ግን የልጆቹን ደኅንነት ያስቡ። በዝናብ ወራት፣ ማለትም ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ማንንም ልጅ ወደ አሸዋው አያውርዱ። በከተማው ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ሊደርስ ይችላል፤ ድምፁ ከተሰማ በኋላ ለመውጣት ያለው ጊዜ በጣም አጭር ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ ፀሐዩ ሳይከር በማለዳ ጀምረው ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ጨርሱ።

ትናንሾቹ ልጆች ሳይሆኑ ከፍ ያሉት ይሳተፉ። ሁሉም ወፍራም ጓንትና ድፍን ጫማ ያድርጉ፤ መርፌ፣ ምላጭ፣ የተሰበረ ጠርሙስና የሞተ እንስሳ ሲያገኙ በእጃቸው ሳይነኩ ኃላፊ አዋቂ ይጥሩ። አንድ ክፍል ብቻ፣ ለምሳሌ ከአንድ ድልድይ እስከሚቀጥለው ቦይ ያለውን ብቻ ይያዙ፤ ትንሽ ቦታ በደንብ ጸድቶ ቢታይ ሰፈሩን ሁሉ ከመነካካት ይበልጣል።

የምትለቅሙትንም ቁጠሩት። ከአውሮፓውያኑ 1986 ጀምሮ በየዓመቱ በብዙ አገሮች በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የባሕር ዳርቻ ጽዳት ተሳታፊዎች ያነሡትን በዓይነት እየቆጠሩ በቅጽ ላይ ይሞላሉ፤ በዚያ ቆጠራ ለብዙ ዓመታት ከፍተኛውን ቁጥር ይዞ የኖረው የሲጋራ ቁራጭ መሆኑ የታወቀውም በዚህ መንገድ ነው። ተማሪዎችዎ ፌስታሉን፣ ገረባውን፣ ጨርቁን፣ የሕፃን ዳይፐሩንና የግንባታ ፍርስራሹን ለየብቻ ቢቆጥሩ፣ ቆሻሻው ከየት እንደሚመጣ የሚያሳይ ማስረጃ በእጃቸው ይኖራል፤ ያንን ለቀበሌው ሸንጎ ራሳቸው ቆመው ቢያቀርቡት ከማንኛውም መፈክር ይልቅ ይሰማል።

አንድ ነገር አደራ። የተሞላው ማዳበሪያ በአሸዋው ላይ አያድር፤ ፍየልና ውሻ ይቀዱታል፣ የልጆቹም ድካም በማግስቱ ተመልሶ ተበትኖ ይገኛል። ስለዚህ ማዳበሪያዎቹን የሚያነሣውን መኪና ሰዓትና የሹፌሩን ስልክ ከቀበሌው አስቀድመው በጽሑፍ ይያዙ፤ መኪናው ካልተረጋገጠ የጽዳቱን ቀን ያዛውሩት።